ገጽ ከመቁጠር በፊት ወረቀት መቁጠር
በኮምፒውተር ለሚዘጋጁ የክለሳ መጻሕፍትና የክበብ መጽሔቶች የገጽ አያያዝ



በካምፕ ት/ቤቶች አንድ የመማሪያ መጽሐፍ ስንት ተማሪ እንደሚጋራው ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። በዚህ ምክንያት ብዙ መምህራን ማስታወሻቸውንና የክለሳ ጥያቄዎቻቸውን በኮምፒውተር ጽፈው፣ በትንሽ መጽሐፍ መልክ አባዝተው ያድላሉ። የሚኒ ሚዲያ ክበብ ተማሪዎችም መጽሔት ያዘጋጃሉ። ሁሉም መጻፉን ይችሉበታል። ሥራው የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ከተጻፈ በኋላ፣ ገጾቹን ቦታ ቦታ ማስያዝ ላይ ነው።

ለምሳሌ በአንድ ት/ቤት የሒሳብ ክለሳ መጽሐፍ በ60 ቅጂ ታተመ። ተማሪዎቹ እጅ ሲገባ ከ5ኛው ገጽ ጀርባ 6ኛው መሆን ሲገባው 11ኛው ተዘቅዝቆ ተገኘ። ጥያቄው አንድ ቦታ፣ ምርጫው ሌላ ቦታ! ወረቀቱም አለቀ፣ ቶነሩም አለቀ፣ ፈተናው ደግሞ ደረሰ። እንዲህ ያለ ነገር የሚደርሰው ሰው ኮምፒውተር ስለማያውቅ ብቻ አይደለም። ኮምፒውተሩ ገጽ እንጂ ወረቀት እንደማያሳየን ስለምንረሳ ነው።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ገጾችን በዴስክቶፕ ፐብሊሺንግ ሶፍትዌር እንዴት እንደምናቅድ፣ እንደምንጨምር፣ እንደምንቀንስ፣ እንደምናዛውርና በመጨረሻም እንዴት እንደምናትም ደረጃ በደረጃ እናያለን። ምሳሌያችን ስክራይበስ የሚባለው ነጻ ሶፍትዌር ነው። በሌላ ሶፍትዌር የምትሠሩም ብትሆኑ ሐሳቡ ያው ነው፤ የሚለየው የሜኑው ስም ብቻ ነው።

1. አንድ ገጽ ስንት ተማሪ ያስቀራል?

በቅድሚያ ሦስት ቃላትን እንለይ። ገጽ ማለት የምናነበው አንዱ ጎን ነው። ቅጠል የሚባለው ደግሞ ስንገልጥ በጣታችን የምንይዘው ነው፤ ፊትና ጀርባ ስላለው አንድ ቅጠል ሁለት ገጽ ነው። ወረቀት ስንል ፕሪንተሩ ውስጥ የምናስገባው ሙሉው ኤ4 ነው። ኤ4 ለሁለት ሲታጠፍ ሁለት ቅጠል ይሆናል፤ ሁለት ቅጠል ማለት አራት ገጽ ነው። የታጠፈው መጠን ኤ5 ይባላል፤ ወርዱ 148፣ ቁመቱ 210 ሚሊ ሜትር ነው።

እንግዲህ አንድ ወረቀት ምንጊዜም አራት ገጽ ይሰጣል። ሦስት ገጽ የሚሰጥ፣ አምስት ገጽ የሚሰጥ ወረቀት የለም። በማጠፍ የሚሠራ መጽሐፍ የገጹ ብዛት 4፣ 8፣ 12፣ 16፣ 20 እያለ ይሄዳል ማለት ነው። 17 ገጽ ያለው መጽሐፍ በተግባር 20 ገጽ ነው፤ ሦስቱ ባዶ ናቸው።

አሁን ሒሳቡን እንሥራው። አንድ ደስጣ ወረቀት 500 ነው። መጽሐፋችን 16 ገጽ ከሆነ ለአንድ ተማሪ 4 ወረቀት ይበቃዋል፤ ስለዚህ ከአንድ ደስጣ 125 መጽሐፍ ይወጣል። አንድ ገጽ ብቻ ጨምረን 17 ብናደርገው ለአንድ ተማሪ 5 ወረቀት ይፈልጋል፤ ከደስጣው የሚወጣው 100 መጽሐፍ ብቻ ይሆናል። በአንዲት ትርፍ ገጽ ምክንያት 25 ተማሪ ያለ መጽሐፍ ቀረ ማለት ነው። ያቺ ገጽ ላይ የተጻፈው ነገር ደግሞ ብዙውን ጊዜ ፊደሉን በትንሹ በማሳነስ፣ ወይም አንድ ሥዕል በማጥበብ ሌላ ገጽ ላይ ሊገባ የሚችል ነው።

የገጽ አያያዝ ዋናው ቁም ነገር ይሄ ነው። ወረቀት በሚትረፈረፍበት ቦታ ገጽ ማሳመር የውበት ጉዳይ ሊሆን ይችላል። እኛ ዘንድ ግን ማን መጽሐፍ ያገኛል፣ ማን ያጣል የሚለውን የሚወስን ነው።

2. ኮምፒውተሩ ከመከፈቱ በፊት

መብራት በሰዓት በሚመጣበት፣ ወይም አንድ ኮምፒውተር ለአሥር ሰው በሚዳረስበት ቦታ የመጀመሪያው ሥራ በእርሳስ መሠራት አለበት። እስቲ አራት ያገለገሉ ወረቀቶችን አንሱ። ደራርባችሁ መሃል ለመሃል እጠፏቸው። አሁን 16 ገጽ ያለው ባዶ መጽሐፍ ይዛችኋል። ከሽፋኑ ጀምራችሁ እየገለጣችሁ ከ1 እስከ 16 ቁጥር ጻፉ። ከዚያ በየገጹ ምን እንደሚገባ በአጭሩ ጻፉበት፦ ገጽ 1 ሽፋን፣ ገጽ 2 ማውጫ፣ ገጽ 3 ክፍልፋይ፣ ገጽ 6 መልመጃ እያላችሁ እስከ መጨረሻው።

ይህን በምታደርጉበት ጊዜ ዓይናችሁ ብዙ ነገር ያያል። ለምሳሌ ጥያቄና ሥዕሉ ፊት ለፊት መሆን ካለባቸው በግራ (ሙሉ ቁጥር) እና በቀኝ (ጎዶሎ ቁጥር) ገጽ ላይ ማዋል ያስፈልጋል፤ 4 እና 5 ፊት ለፊት ናቸው፣ 5 እና 6 ግን ጀርባና ፊት ናቸው። መልሶቹን ጥያቄው ፊት ለፊት ካደረጋችሁ ተማሪው ሳይሠራ ይገለብጣል፤ ወደ መጨረሻው ገጽ መውሰድ ይሻላል። መሃለኛው ገጽ፣ ማለትም 8 እና 9፣ በአንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ስለሚወድቅ ለትልቅ ካርታ ወይም ለሠንጠረዥ የተመቸ ነው።

አሁን ናሙናውን ፈታችሁ አንዱን ወረቀት ዘርግታችሁ እዩት። የውጪው ወረቀት ላይ 16 እና 1 ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ጀርባው ላይ 2 እና 15 አሉ። ግራ የሚያጋባ ይመስላል፤ ነገር ግን ሥርዓት አለው፦

1ኛ ወረቀት፦ ፊቱ 16 እና 1፣ ጀርባው 2 እና 15
2ኛ ወረቀት፦ ፊቱ 14 እና 3፣ ጀርባው 4 እና 13
3ኛ ወረቀት፦ ፊቱ 12 እና 5፣ ጀርባው 6 እና 11
4ኛ ወረቀት፦ ፊቱ 10 እና 7፣ ጀርባው 8 እና 9

ጎን ለጎን ያሉትን ሁለት ቁጥሮች ደምሩ። ሁሉም 17 ይመጣል፤ ይኸውም የገጹ ብዛት ሲደመር አንድ ነው። መጽሐፉ 8 ገጽ ቢሆን ድምሩ 9፣ 20 ገጽ ቢሆን 21 ይሆናል። ይህቺን ሕግ የያዘ ሰው ፕሪንተሩ ላይ ቆሞ የወጣው ወረቀት ትክክል ይሁን ስሕተት ወዲያውኑ ያውቃል።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። የአገራችን ቁም ጸሐፊዎች ብራናውን አጥፈው እየደራረቡ ጥራዝ የሚሠሩት በዚሁ አኳኋን ነው። ሳይጽፉም በፊት በወስፌ እየወጉ መስመር ያሰምራሉ። ቦታው ሳይለካ ብዕር አይነሳም። እኛም ይህንኑ በኮምፒውተር እንሠራለን።

3. የትኛው ሶፍትዌር?

አንጋፋ መምህራን ፈተናን በስቴንስል ጽፎ በማባዣ ማሽን ማባዛትን ያስታውሳሉ። በማተሚያ ቤቶችም ዘንድ ጽሑፉ ለየብቻ ታትሞ፣ በመቀስ ተቆርጦ፣ በሙጫ እየተለጠፈ ነበር ገጽ የሚሠራው። ይህን ወደ ኮምፒውተር ካመጡት ዋነኛው እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው ፔጅሜከር ነው። ሆኖም የመጨረሻው እትም በ2001 ወጥቶ ቆሟል፤ ቦታውን የወሰደው ኢንዲዛይን ደግሞ የሚከፈልበት ነው። ብዙዎቻችን የምናውቀውን ፐብሊሸርን ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2026 በኋላ እንደማይደግፈው አስታውቋል።

ስክራይበስ በነጻ ይሰጣል፤ በዊንዶውስም በሊኑክስም ይሠራል። አንዴ በፍላሽ ዲስክ አምጥታችሁ ከጫናችሁት በኋላ ኢንተርኔት አይፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው 1.6 የተባለው እትም ተመራጭ ነው። አንድ ነገር ልብ በሉ፤ በ1.6 የተሠራ ፋይል በድሮው 1.4 አይከፈትም። ስለዚህ የምትሠሩባቸው ኮምፒውተሮች ሁሉ አንድ ዓይነት እትም ይኑራቸው።

ለአማርኛው ዩኒኮድ የሆነ ፎንት ተጠቀሙ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ስለሆነ ከዚያ በፊት በነበረው ዘዴ የተጻፉ የቆዩ ፋይሎች ሲከፈቱ ፊደሉ ትርጉም ወደሌለው ምልክት ሊለወጥ ይችላል። አቢሲኒካ ኤስአይኤል የሚባለው ፎንት በነጻ የሚገኝና ለመጽሐፍ የሚያምር ነው።

4. ፋይሉን መክፈት

«ፋይል» ከሚለው «ኒው» የሚለውን ስትመርጡ አንድ መስኮት ይመጣል። እዚህ ላይ አምስት ነገር መወሰን አለበት፦

ሀ. መጠን፦ ኤ5። (ኤ4 አይደለም! ወረቀቱ ኤ4 ነው፣ ገጹ ግን ኤ5 ነው።)
ለ. አቀማመጥ፦ «ፌሲንግ ፔጅስ»። ይህ ገጾቹን እንደ መጽሐፍ ግራና ቀኝ አድርጎ ያሳያል።
ሐ. የመጀመሪያው ገጽ፦ «ራይት ፔጅ»። ሽፋን ምንጊዜም በቀኝ በኩል ነውና።
መ. የገጽ ብዛት፦ በናሙናችሁ ያገኛችሁት፣ ለምሳሌ 16። ከአንድ ገጽ ጀምሮ እየጨመሩ ከመሄድ መጀመሪያውኑ ልኩን መስጠት ይሻላል።
ሠ. ኅዳግ፦ በማጠፊያው በኩል ያለው «ኢንሳይድ»፣ በውጪው በኩል ያለው «አውትሳይድ» ይባላል። ለውስጡ 15፣ ለውጪው 12 ሚሊ ሜትር አካባቢ ብትሰጡ ጽሑፉ ስቴፕል ውስጥ አይደበቅም፤ ፕሪንተሩም ጫፉን አይቆርጠውም።

መለኪያው ወደ ሚሊ ሜትር መለወጡን አረጋግጡ፤ ካልሆነ 15 ያላችሁት 15 ፖይንት ይሆንና ኅዳጉ ከ6 ሚሊ ሜትር ያንሳል።

5. እናት ገጽ

በሁሉም ገጽ ላይ የሚደጋገም ነገር አለ፦ የት/ቤቱ ስም፣ የትምህርቱ ዓይነት፣ ከግርጌ መስመር፣ የገጽ ቁጥር። ይህን 16 ጊዜ መሥራት ጊዜ ማባከን ብቻ አይደለም፤ አሥራ ስድስት ጊዜ የመሳሳት ዕድል ነው። መፍትሔው ማስተር ፔጅ ነው። እኛ ክፍል ውስጥ «እናት ገጽ» እንለዋለን፤ ልጆቿ ሁሉ እሷን ይመስላሉና።

«ኤዲት» ውስጥ «ማስተር ፔጅስ» የሚለውን ክፈቱ። ፌሲንግ ፔጅስ ስለመረጥን ሁለት እናት ገጽ ታገኛላችሁ፤ አንዷ ለግራ፣ አንዷ ለቀኝ። በግራዋ ላይ የገጽ ቁጥሩን ወደ ግራ ጥግ፣ በቀኟ ላይ ወደ ቀኝ ጥግ አስቀምጡ። ቁጥሩን ለማስገባት ትንሽ የጽሑፍ ሳጥን ሥሩ፤ ጠቋሚውን ሳጥኑ ውስጥ አድርጋችሁ «ኢንሰርት»፣ ቀጥሎ «ካራክተር»፣ ቀጥሎ «ፔጅ ነምበር» የሚለውን ምረጡ። እናት ገጿ ላይ የሚታየው የመሰላል ምልክት ብቻ ነው፤ አትደንግጡ። መስኮቱን ዘግታችሁ ወደ ተራው ገጽ ስትመለሱ 1፣ 2፣ 3 እያለ ራሱ ይቆጥራል።

«7» ብሎ በእጅ መጻፍ ለምን አይሆንም? ነገ 7ኛው ገጽ ወደ 9ኛ ሲዛወር ያ የተጻፈው 7 አብሮ ስለሚሄድ ነው። ምልክቱ ግን ገጹ የትም ይሂድ ያለበትን ቦታ ቁጥር ያነባል።

ተራው ገጽ ላይ ሆናችሁ የእናት ገጹን መስመር ልትነኩት ብትሞክሩ አይነካላችሁም። ተበላሽቶ አይደለም፤ ለመለወጥ ወደ እናት ገጿ መመለስ ስላለባችሁ ነው። ሽፋኑ ላይ ቁጥር እንዳይወጣ ከፈለጋችሁ ባዶ የሆነች ሦስተኛ እናት ገጽ ፍጠሩና ገጽ 1 ላይ ሆናችሁ «ፔጅ» ከሚለው ሜኑ «አፕላይ ማስተር ፔጅ» በሚለው ስጧት።

6. መጨመር፣ መቀነስ፣ ማዛወር

የምንፈልጋቸው ትእዛዞች ሁሉ «ፔጅ» በሚለው ሜኑ ውስጥ አሉ። ከመንካታችሁ በፊት ግን ፋይሉን በሌላ ስም አስቀምጡ (ክለሳ1፣ ክለሳ2 እያላችሁ)። መብራት ቢጠፋም፣ ገጽ ቢጠፋም የምትመለሱበት ይኖራችኋል።

መጨመር። «ኢንሰርት» ስትሉ ስንት ገጽ፣ ከየትኛው ገጽ በፊት ወይም በኋላ ብሎ ይጠይቃል። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። በመሃል አንድ ገጽ ብቻ ብትጨምሩ ከዚያ በኋላ ያሉት በሙሉ ጎን ይለውጣሉ፤ ግራ የነበረው ቀኝ ይሆናል፣ የውስጡ ኅዳግ ወደ ውጪ ይዞራል። ጽሑፉና ሥዕሉ ግን ካሉበት አይነቃነቁምና ከኅዳጉ ጋር ይጋጫሉ። ፊት ለፊት የነበሩት ጥያቄና ሥዕልም ይለያያሉ። ስለዚህ በመሃል ስትጨምሩ ሁለት ሁለት አድርጋችሁ ጨምሩ፤ ጠቅላላው ደግሞ ለአራት የሚካፈል ይሁን። ጎን የለወጠ ገጽ ካለ «አፕላይ ማስተር ፔጅ» ውስጥ የግራዋን እናት ለሙሉ ቁጥር ገጾች፣ የቀኟን ለጎዶሎ ቁጥር ገጾች በአንድ ጊዜ መስጠት ይቻላል። ይህን ስታደርጉ ግን ሽፋኑም የቀኟን እናት ስለሚወስድ ባዶዋን መልሳችሁ ስጡት።

መቀነስ። «ዲሊት» ከየትኛው እስከ የትኛው ብሎ ይጠይቃል። ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አንብቡ። ገጹ ሲጠፋ ላዩ ላይ ያለው ሁሉ አብሮ ይጠፋል። የምትፈልጉት ሥዕል ካለበት አስቀድማችሁ ወደ ሌላ ገጽ ውሰዱት።

ማዛወር። «ሙቭ» ስትሉ ከየትኛው እስከ የትኛው ገጽ፣ ወዴት ብሎ ይጠይቃል። በዓይን እያዩ መሥራት ለሚወድ ደግሞ «ዊንዶውስ» ውስጥ «አሬንጅ ፔጅስ» የሚለው አለ። ገጾቹን በትንንሹ ደርድሮ ያሳያል፤ በማውስ ይዞ መጎተት ነው። የእናት ገጾቹም ስም ከላይ ስለሚታይ ጎትቶ ገጽ ላይ መጣል ይቻላል። ሁለት ገጽ ላይ የተዘረጋ ሥዕል ካለ ግን ተጠንቀቁ፤ ከአንዱ ገጽ ጋር ብቻ ስለሚሄድ ሁለቱን ገጾች አንድ ላይ አዛውሩ።

ባዛወራችሁ ቁጥር በእርሳስ የሠራችሁትን ናሙናም አስተካክሉ። ናሙናውና ስክሪኑ ካልተስማሙ የምትታመነው ናሙናዋ ናት።

7. ጽሑፍ ከገጽ ወደ ገጽ ሲፈስ

ረጅም ጽሑፍ በአንድ ሳጥን ስለማይበቃው ሳጥኖችን እንደ ሰንሰለት እናያይዛለን። የመጀመሪያው ሲሞላ የቀረው ወደ ቀጣዩ ይፈሳል። ሳጥኑ ሞልቶ ጽሑፍ ከተረፈ በታች በቀኝ ጥጉ ላይ ምልክት ይወጣል። ያ ምልክት ካለ የማይታተም ጽሑፍ አለ ማለት ነው፤ ዝም ብላችሁ አትለፉት።

እዚህም ላይ መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ጽሑፉ የሚፈሰው በተያያዘበት ቅደም ተከተል እንጂ በገጽ ቁጥር አይደለም። ገጽ 3፣ 4፣ 5 የተያያዙ ቢሆኑና 5ን ከ3 በፊት ብታዛውሩት፣ አንባቢው መጀመሪያ የሚያገኘው የታሪኩን መጨረሻ ነው። በሰንሰለት የተያያዙ ገጾችን አንድ ላይ አንሱ፣ ወይም አዛውራችሁ ስትጨርሱ ማያያዣውን ፍቱና እንደገና አያይዙ።

8. ሥራን መከፋፈል

አንድ ሰው 16 ገጽ ብቻውን ሲሠራ ሌላው ቆሞ ማየት የለበትም። አራት ተማሪዎች አራት አራት ገጽ ተካፍለው፣ በየፋይላቸው መሥራት ይችላሉ። ሁሉም ግን መጠኑን፣ ኅዳጉንና ፎንቱን አንድ ዓይነት ማድረግ አለባቸው። ለዚህ ቀላሉ መንገድ እናት ገጹ የተሠራለትን ባዶ ፋይል አስቀድሞ ለሁሉም ማደል ነው። በመጨረሻ አሰባሳቢው «ፔጅ» ውስጥ «ኢምፖርት» በሚለው የየአንዳንዱን ገጾች ወደ ዋናው ፋይል ያመጣል።

ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር ስትሄዱ ስክራይበስ ፎቶግራፉን በውስጡ እንደማይይዝ አትርሱ። የሚይዘው ፎቶው የት እንዳለ የሚጠቁም አድራሻ ብቻ ነው። ፋይሉን ብቻ በፍላሽ ከወሰዳችሁት ሥዕሎቹ ባዶ ሳጥን ይሆናሉ። «ፋይል» ውስጥ ያለው «ኮሌክት ፎር አውትፑት» ሥዕሎቹንና ከፈለጋችሁም ፎንቶቹን ጭምር ወደ አንድ ፎልደር ይሰበስባል። ፎልደሩን በሙሉ ውሰዱ።

9. የዓረብኛ ገጽ ካለ

የካምፕ መጽሔት በአንድ ቋንቋ ብቻ ላይዘጋጅ ይችላል። ሶማሊኛ፣ ስዋሂሊ፣ እንግሊዝኛና አማርኛ ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚነበቡ በአንድ መጽሔት ውስጥ ተከታትለው ይሄዳሉ። ዓረብኛ ግን ከቀኝ ወደ ግራ ነው፤ አንባቢውም መጽሔቱን የሚከፍተው እኛ ጀርባ በምንለው በኩል ነው። የዓረብኛው ክፍል አራት ገጽ ቢሆንና እንደ ሌላው በተራ ቁጥር ብንደረድረው ወንድሞቻችን ታሪኩን ከመጨረሻው ይጀምሩታል።

ጥሩው ዘዴ ዓረብኛውን ከኋላ ማስጀመር ነው። 16 ገጽ ባለው መጽሔት ገጽ 16 የዓረብኛው ሽፋን ይሆናል፤ ታሪኩ ከ15 ጀምሮ ወደ 14፣ 13 ይሄዳል። መጽሔቱ ሁለት ሽፋን ኖረው፣ ሁሉም በራሱ በር ገባ ማለት ነው። ለነዚህ ገጾች የአውቶማቲኩ ቁጥር ወደ ኋላ ስለማይቆጥር ቁጥር የሌላት እናት ገጽ ስጧቸውና ቁጥሩን በእጅ ጻፉ። የዓረብኛ ፊደላት ተያይዘው እንዲወጡ ደግሞ 1.6ን ተጠቀሙ፤ 1.4 በትክክል አያያይዛቸውም።

10. ማተም

ስክራይበስ ገጾቹን 16 ከ1፣ 2 ከ15 እያደረገ ራሱ አያጣምርም። እናንተም በእጃችሁ ለማጣመር አትድከሙ። በተፈጥሯዊው ቅደም ተከተል፣ ከ1 እስከ 16፣ ወደ ፒዲኤፍ ቀይሩት። ሲቀይር ያልታየ ስሕተት ካለ (የተረፈ ጽሑፍ፣ የጠፋ ሥዕል) በዝርዝር ይነግራችኋል፤ አንብቡት።

ከዚያ ፒዲኤፉን በአዶቢ ሪደር ክፈቱና ማተሚያው መስኮት ላይ «ቡክሌት» የሚለውን ምረጡ። ማጣመሩን እሱ ይሠራዋል። ፕሪንተራችሁ በሁለት ጎን የሚያትም ከሆነ በአጭሩ ጠርዝ በኩል እንዲገለብጥ እዘዙት። በረጅሙ ጠርዝ ከገለበጠ ጀርባው ተዘቅዝቆ ይወጣል፤ መጀመሪያ ላይ የጠቀስነው የሒሳብ መጽሐፍ የደረሰበት ይኸው ነው።

ፕሪንተሩ በአንድ ጎን ብቻ የሚያትም ከሆነ በመጀመሪያ «ፍሮንት ሳይድ ኦንሊ» ብላችሁ ፊቱን፣ ቀጥሎ ወረቀቱን መልሳችሁ አስገብታችሁ «ባክ ሳይድ ኦንሊ» ብላችሁ ጀርባውን አትሙ። ወረቀቱ በየትኛው ፊት፣ በየትኛው አቅጣጫ እንደሚገባ ከፕሪንተር ፕሪንተር ይለያያል። ለማወቅ አንድ ወረቀት ጥግ ላይ በእርሳስ ቀስት ሥላችሁ ሞክሩት፤ ያገኛችሁትንም ጽፋችሁ ፕሪንተሩ ላይ ለጥፉት። ከእናንተ በኋላ የሚመጣው ሰው ወረቀት አያባክንም።

በመጨረሻ መጀመሪያ የሚታተመው አንድ ቅጂ ብቻ ይሁን። አጥፋችሁ፣ ከናሙናችሁ ጋር ገጽ በገጽ አስተያዩት። ከተቻለ ሥራው ላይ ያልነበረ ተማሪ ያንብበው፤ እኛ በልምድ የምናልፈውን እሱ ያገኘዋል። ከማባዛታችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ፦

• የገጹ ብዛት ለአራት ይካፈላል?
• ጎን ለጎን ያሉት ቁጥሮች ድምር በሁሉም ወረቀት እኩል ነው?
• ማውጫው ላይ ያለው ቁጥር ገጹ ላይ ካለው ጋር ይስማማል? (ማውጫ ምንጊዜም መጨረሻ ላይ ይሞላል።)
• ጥያቄና ሥዕሉ ፊት ለፊት ናቸው? መልሱስ ራቅ ብሏል?
• የተረፈ ጽሑፍ ምልክት ያለበት ሳጥን የለም?

አምስቱም አዎ ከሆኑ ቀሪውን አትሙ።

ውድ አንባብያን፣ ይህ ሁሉ ሲነበብ ብዙ ይመስላል እንጂ አንዴ በእጅ ከተሠራ አይረሳም። ሶፍትዌሩ ዓመት ዓመት ይለዋወጣል፤ ፔጅሜከር ሄዷል፣ ፐብሊሸርም ተራው ደርሷል፣ ነገ ደግሞ ሌላ ይመጣል። ወረቀት ግን ሲታጠፍ ያው አራት ገጽ ነው። ስለዚህ በዚህ ሳምንት ኮምፒውተር ባታገኙም ችግር የለም። አራት ያገለገሉ ወረቀቶችን አጥፋችሁ፣ ቁጥር ጽፋችሁ ለቀጣዩ መጽሐፋችሁ ናሙናውን ጀምሩ። መብራቱ ሲመጣ እናንተ ተዘጋጅታችሁ ትጠብቁታላችሁ።

መልካም ሥራ!